የጋሽ ተስፋዬ የጨው ማዘዣ

እልል በሉልኝ! እህቴ ሰናይት ዛሬ ጠዋት በሰላም ተገላገለች።

ለመሆኑ ሳይጠየቅ መድኃኒት የሚያዝ ጎረቤት ታውቃላችሁ? እኛ ሰፈር፣ ካርቲየ አንድ ውስጥ፣ ሌላ ዓይነት ጎረቤት የለም። ሰናይት ስምንተኛ ወሯ ላይ ስትራፖ ባቷን ጨምድዶ ሲያስጮኻት፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ ጋሽ ተስፋዬ ከተፍ አሉ።

"ማዕድን አንሶሽ ነው። እኛ በዚህ ሙቀት እግራችን ሲያዝ ጨው በውሃ በጥብጠን እንጠጣለን።"

"ጋሼ፣ አርግዘው ያውቃሉ እንዴ?" አልኳቸው።

"አንቺ ምላሳም!"

ሰናይት የበጠበጡላትን ጨው ልትጨልጠው ስትል ብርጭቆውን ነጥቄ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አዋላጇ የደም ግፊቷን ለካች።

"ከፍ ብሏል! ማዕድኑን በደም ምርመራ እናየዋለን፤ ጨው ግን እንዳትጨምሪ።"

ጋሽ ተስፋዬ ታዲያ ዛሬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ጨው ባላዝላት መቼ ትመረመር ነበር?"

ሳስበው፣ እውነታቸውን ነው።

እሑድ ለገንፎ ኑ። እግሯን የሚይዛት ነፍሰ ጡር ካለች ግን እሑድን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ትጥራኝና ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ።