አምስተኛዋ ሽመላ

እኔ የምለው፣ ፈረንጅ «ከየት ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃችሁና «ከኢትዮጵያ» ስትሉት ቀጥሎ ምን ይላችኋል? ሁለት ነገር ነው ያለው። ወይ «ምግባችሁን እወደዋለሁ» ይላል፣ ወይ «ታዲያ ትሮጫለሽ?» ይላል። ለመጀመሪያው «አመሰግናለሁ» እላለሁ። ለሁለተኛው ግን ምን ልበል? «ትንሽ ትንሽ» እላለሁ።

ትንሽ ትንሽ። አያችሁ ውሸቱን? እኔ በሕይወቴ የሮጥኩት ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ለመያዝ ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ታክሲው ይቀድመኝ ነበር። ተማሪ ሳለሁ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዴን ያመኛል። በየሳምንቱ፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት። መምህራችን በመጨረሻ «የዚህች ልጅ ሆድ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን አጥንቶታል» አሉ።

ግን እንዴት ብዬ «አልሮጥም» ልበል? አገሬን ያዋረድኩ ይመስለኛል። ደግሞ እኔ በምሠራበት ግቢ የሒሳብ መምህርቷ ኬንያዊት ናት። እሷ እየሰማች ይባላል?

የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የግል ዩኒቨርሲቲ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። ትንሽ ስላችሁ ትንሽ ናት። እኛ የምንኖርበት የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ነዋሪ ከተማሪዎቿ ሳይበልጥ አይቀርም። ወላጆች ልጃቸውን አስከትለው ግቢውን ሊያዩ ሲመጡ ታሪኳን የምተርክላቸው እኔ ነኝ። ድሮ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ነበረች። ባል የሞተባቸው አንዲት ባለጠጋ ሴትዮ ናቸው የከፈቷት። ስፌት፣ ፈረንሳይኛና አቀማመጥ ይሰጥባት ነበር። አዎ፣ አቀማመጥ። ሴትዮዋ ዛሬም ግድግዳው ላይ በትልቅ ሥዕል አሉ፤ ተቀምጠው። ከዚያ ኮሌጅ ሆነች። ከዚያ ወንዶች ገቡ። ከዚያ ሁለተኛ ሕንፃ ተሠራና ሰሌዳው ተቀይሮ ዩኒቨርሲቲ ሆነች። እኔ አልስቅባትም። እኔም እዚህ አገር ሥራ ስፈልግ ሬዙሜዬ ላይ ሁለተኛ ሕንፃ ሠርቻለሁ።

ስፖርቷስ? የመጀመሪያው ስፖርት ጃንጥላ ይዞ መራመድ ነበር። ልጃገረዶቹ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ሜዳውን ይዞራሉ፤ ያላባት ከውድድሩ ትወጣለች። በኋላ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን አቋቁማ አንድ መኸር ተጫወተችና «ለጊዜው» ተብሎ ተዘጋ። ጊዜው እስካሁን አልደረሰም። የዋንጫዎቹ መስታወት ሣጥን ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። አብዛኞቹ የሁለተኛነት ናቸው። አንደኛው «ለመልካም ጠባይ» ይላል። የቡድኖቹ ምልክት ደግሞ ሽመላ ነው። ስንት የሚፈተለክ አውሬ ባለበት ዓለም፣ በአንድ እግሩ ቆሞ የሚውለውን ወፍ መረጡ።

የሴቶቹ ሩጫ አሰልጣኝ ሊንዳ ትባላለች። ስድሳን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ደረጃ ስትወጣ የማታለከልክ ሴት ናት። እንደተዋወቅን «ትሮጫለሽ?» ብላኝ እሷንም «ትንሽ ትንሽ» ብያታለሁ። እንዋደዳለን። አንድ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ ምግብ ቤታችን ወስጄ ምሳ ጋበዝኳት። ባለቤትየዋ ወጥ ልትጨምርልኝ መጣች። «በቃኝ» አልኩ፣ ጨመረች። «ኧረ በቃኝ» አልኩ። «በሞቴ» ብላ ጨመረች፤ በላሁ። ሊንዳ ግራ ገባት። «በቃኝ አላልሽም እንዴ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ የባህል አምባሳደር ሆኜ ማስረዳት ጀመርኩ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ የጨዋነት ነው። ሁለተኛውም የጨዋነት ነው። ሦስተኛ ጊዜ እምቢ ካለ ግን የእውነቱን ነው፤ ተይው አልኳት። በጥሞና ሰማችኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

መኸር መጣ። በየመኸሩ የእኛ ሴቶች ከከተማው ወንዝ ማዶ ካለ አንድ ኮሌጅ ጋር ይወዳደራሉ። ከየግቢው አምስት ሴት ይሮጣል፤ ተማሪም ሠራተኛም ይፈቀዳል። አምስቱም መጨረስ አለባቸው። አንዷ ካቋረጠች ቡድኑ እንዳልሮጠ ይቆጠራል። የዚያን ዓመት አስተዳደሩ ለሊንዳ ቁርጡን ነግሯታል፦ አምስት ሴት ማስጨረስ ካልቻልሽ ቡድኑ ይዘጋል፤ ለጊዜው። የዚያን ቤት «ለጊዜው» ደግሞ ታውቁታላችሁ። ያሏት ልጆች አምስት ብቻ ነበሩ። ውድድሩ ሲቃረብ አምስተኛዋ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ።

ሊንዳ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ትሮጭልናለሽ ወይ አለችኝ። «ሊንዳ፣ እኔ መሮጥ አልችልም» አልኳት። ከአፌ እንደዚያ የጠራ እውነት ወጥቶ አያውቅም። ፈገግ ብላ ሄደች። በማግስቱ ደረቱ ላይ ሽመላ ያለበት ካናቴራ ይዛ መጣች። «የምሬን ነው፣ አልችልም» አልኩ። አሁንም ፈገግ ብላ ሄደች። በሦስተኛው ቀን አራቱን ልጆች አስከትላ መጣች። ልጆቹ ቆመው አዩኝ ብቻ። «እባክሽ» አለች ሊንዳ። እኔም ወለሉን እያየሁ «እሺ» አልኩ።

ይሉኝታ ስንቱን ገደል ሰደደ።

ባለቤቴ ሲሰማ የያዘውን ማንኪያ አስቀመጠ። «አንቺ? ሜትሮ ኤስካሌተር ላይ ቆመሽ የምትወጪው?» አለ። ልጄ ቤቲ ከስልኳ ቀና ብላ «ማሚ፣ ሲሪየስሊ?» አለች። ከዚያ ግን እናቷ ነኝና አሳዘንኳት መሰለኝ፣ «ድንገት ከወደቅሽ ኮል አድርጊኝ» አለችኝ።

መውደቁ አይደለም ያስጨነቀኝ፤ ኅሊናዬ ነው። ልጆቹ አመኑብኝ። ልምምድ ላይ አንዷ ጠጋ ብላ ሽቅብ ስትሮጪ እንዴት ነው የምትተነፍሺው አለችኝ። ምን ልበላት? «በአፍንጫ» አልኳት። ለሌሎቹ ሄዳ አስተላለፈች፤ ሁሉም በአፍንጫቸው መተንፈስ ጀመሩ። እኔ ራሴ በአፌም በአፍንጫዬም አልበቃኝ ብሎ፣ በጆሮዬ ቢቻል በወደድኩ። ሜዳውን የመጀመሪያውን ዙር ስጨርስ ሊንዳ የያዘችውን ሰዓት አየች፣ ነቅነቅ አደረገችው፣ ደግማ አየች።

ቢጨንቀኝ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ ዋሽቻለሁ» አልኳቸው።

«ምን ብለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ እሮጣለሁ ብዬ።»

ጺማቸውን ዳበሱ። ሰው ስንት ጉድ ይዞ እሳቸው ዘንድ እንደሚመጣ ሳስበው አፈርኩ። «ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «እውነቱን ንገሪያቸው።»

«ነገርኳቸው እኮ አባ። አላመኑኝም።»

«እንግዲያው እስከ ውድድሩ ድረስ ጠዋት ጠዋት ስገጂ» አሉኝ። ሰገድኩ። እንግዲህ አትታዘቡኝ፣ ጉልበቴን ያጠነከረው ከሊንዳ ልምምድ ይልቅ የእሳቸው ቀኖና ነው። በደሉም ሩጫ፣ ቀኖናውም ስፖርት ሆኖ አረፈው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቀኑ ደረሰ። ውድድሩ ወንዙ ዳር ባለ መናፈሻ ውስጥ ነው። ማዶኞቹ ልጆች እያሟሟቁ ሳለ አዩኝና ተንሾካሾኩ። «ኢትዮጵያዊት ናት» ሲሉ ሰማሁ። አንዷ እግሬን አየች። እግሬ ቀጭን ነው፣ እሱ አልዋሸም። ፊታቸው ሲለዋወጥ ሳይ ልቤ በአንድ በኩል ደነገጠ፣ በሌላ በኩል፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ኮራ አለ።

ፊሽካው ተነፋ። ማዶኞቹ አንበሳ እንዳየ ሰው ተፈተለኩ። እኔ ገና የመጀመሪያው ዛፍ ጋ ሳልደርስ ከዓይኔ ጠፉ። በኋላ እንደነገሩኝ በየመታጠፊያው ወደ ኋላ ይገላመጡ ነበር። እኔን ፍለጋ ነው። ስላላዩኝ ደግሞ የባሰ ፈሩ። ሌላው ሰው ወደ ኋላ ሲቀር ሰነፈ ይባላል፤ ኢትዮጵያዊት ወደ ኋላ ስትቀር ስልት ነው። ስልቴን ሸሽተው ሲሮጡ ትንፋሻቸውን ገና ከመንገዱ አጋማሽ ጨረሱት። የእኛዎቹ ልጆች በአፍንጫቸው እየተነፈሱ፣ አንድ በአንድ አለፏቸው።

እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። እኔ ያየሁት ሽማግሌ ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚናፈሱ አንድ አባት ከኋላ መጥተው ደረሱብኝ። እየሮጥኩ ነው እንግዲህ።

«ሀበሻ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ማን እያሳደደሽ ነው?»

«ውድድር ነው ጋሼ።»

ወደ ፊት አዩ፣ ወደ ኋላ አዩ። «ሌሎቹስ?»

«ሳይገቡ አይቀሩም።»

«ታዲያ አንቺን ምን ያስሮጥሻል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጎኔን ወግቶኛል፣ አጠገቤ አግዳሚ ወንበር አለ። ቁጭ ብል ማን ያየኛል? ግን እነዚያ አራት ልጆች ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ያዩኝ አስተያየት መጣብኝ። እኔ ከተቀመጥኩ የእነሱም ሩጫ ከንቱ ነው፤ ቡድኑም ይዘጋል። «ካልጨረስኩ ልጆቹ ይቀጣሉ ጋሼ» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ብቻሽን አትግቢ» አሉና አጠገቤ ሆኑ። እኔ እሮጣለሁ፣ እሳቸው ይራመዳሉ፣ እኩል ነን። ሩጫዬ ያሳዘናቸው መሰለኝ፣ አንዳንዴ እርምጃቸውን ቀነስ ያደርጉልኛል። መጨረሻው ሲታይ «በይ ግቢ፣ እኔ ጫማ እንጂ ቁጥር የለኝም» ብለው ተመለሱ።

ድንኳኑ እየታጠፈ ነበር። ዳኛው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሊንዳ በሩን ይዛ አላስዘጋም ብላለች። አራቱ ልጆች መግቢያው ላይ ቆመው ስሜን ይጠራሉ፤ አጠራሩ የእኔን ስም አይመስልም፣ ግን እኔን ነው። ገባሁና ሣሩ ላይ ተዘረርኩ። የሚቆጠረው የአምስታችን ደረጃ ድምር እንጂ ሰዓት አይደለም አሉ። በአንድ እርምጃም ልቅር፣ በአንድ ሰዓት፣ መጨረሻ ያው መጨረሻ ነው። አሸነፍን።

እዚያው እንደተዘረርኩ ሊንዳን ጠራኋትና ተናዘዝኩ። ሮጬ አላውቅም፣ «ትንሽ ትንሽ» ያልኩሽ ውሸት ነው፣ እውነቱን ስነግርሽ ደግሞ የጨዋነት መሰለሽ አልኳት።

ሊንዳ ሳቀች። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አውቃለሁ አለችኝ። ሰዓቴ ተበላሸ ብዬ አዲስ ባትሪ አስገብቼለታለሁ አለች።

«ታዲያ ለምን አልተውሽኝም?»

ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ። ሁለቴ እምቢ አልሽ፣ ሦስተኛውን እሺ አልሽ። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ማቋረጥም አይችልም ብዬ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ ሌላው ሁሉ ሲያውቀው ለእኔ መጨረሻ ላይ ጠራ። በሩጫም ኋላ፣ በማወቅም ኋላ።

ዋንጫው መስታወቱ ውስጥ ገባ፤ ቡድኑም ሳይዘጋ ከረመ። አጠገቡ ፎቶአችን አለ። ወላጆች ሲመጡ ታሪኩን እነግራለሁ፤ ጥግ ላይ ያለችው ፊቷ የቀላው ሴት ማን እንደሆነች ካልጠየቁ አልናገርም።

ዘንድሮ መኸር ሲገባ ሊንዳ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። አንዷ ልጅ ተመርቃለች፤ ትሮጫለሽ ወይ አለችኝ። «አልችልም» አልኩ። በማግስቱ መጣች። «ኧረ አልችልም» አልኩ፣ ካናቴራው የት መሳቢያ እንዳለ በልቤ እያሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ፀጉሬን ተሠርቼ ገባሁ። አልመጣችም። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አልመጣችም። ምነው፣ ታማ ይሆን?

ከሰዓት በኋላ በመስታወቱ በር ሳይ፣ ሊንዳ ከሒሳብ መምህርቷ ጋር እየሳቀች ወደ መኪና ማቆሚያው ትሄዳለች። ከኬንያዊቷ ጋር። ምስኪን፣ እሷም «ትንሽ ትንሽ» ብላ ይሆናል።

ስልኩ ይጮሃል፣ ሁለት ወላጆች ቆመው ይጠብቁኛል። «አንድ ጊዜ» አልኳቸውና ተነስቼ ተከተልኳት። በሩጫ።