ሮዙ ቀዳዳና የእኔ «ገባኝ»

ሰው የማያውቀውን ዕቃ ሲሰጡት ፊቱ ላይ የሚመጣውን ክብደት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ግንባሩን ይቋጥራል፣ ዕቃውን ያገላብጣል፣ አንዴ «እህም» ይላል። «አላውቀውም» የምትለው አጭር ቃል ግን ከአፉ አትወጣም። እኔ ይህን ክብደት መልበስ ከጀመርሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጋዜጠኛ ነኛ! ባለሙያ ሲያብራራልኝ «ገባኝ» እላለሁ፤ የገባኝን ካልገባኝ የምለየው ቢሮ ተመልሼ ልጽፍ ስቀመጥ ነው።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ባሕር ዳር ኮሌጅ የምታስተምረው ጎረቤቴ ውቢት መጣች። አባቷ መሪጌታ ጥበቡ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ዜማ ያስተምራሉ። እንቅርታቸውን ሊያስወጡ በጀልባ ተሻግረው መጥተዋል፤ ቀዶ ጥገናው በማግስቱ ጠዋት ነው።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ድምፃቸው እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል አለኝ። ዛሬውኑ ይቅረጹልኝ። መቼም የመቅረጫ ነገር እርስዎን አይጠፋዎትም።»

«ምን ችግር አለው» አልሁ፤ ግንባሬን ቋጥሬ።

በስልክ አይቀረጽም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ውቢትም ብላኝ ነበር። «ጥራት የለውም» ያልኋት እኔ ነኝ።

ላፕቶፔ ላይ የምትሰካ፣ አውራ ጣት የምታህል የድምፅ ካርድ አለችኝ። ሁለት ቀዳዳ አላት፤ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ። በአንዱ ድምፅ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። የቱ የቱ እንደሆነ የሚናገር ጉንዳን የሚያህል ሥዕል አጠገባቸው አለ፤ መነጽር ማውጣት ግን ባለሙያነቴን የሚያሳንስብኝ መሰለኝ። ስለዚህ በመረጃ ላይ ተመሥርቼ አሰብሁ፤ በትራፊክ መብራት አረንጓዴ «እለፍ» ነው። ማይኩን አረንጓዴው ላይ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሮዙ ላይ ሰካሁ። ማዳመጫውን አጥልቄ «አንድ፣ ሁለት» ብዬ ሞከርሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ዘለለ። እኔ ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን የማምን ሰው ነኝ።

የኔታ ጥበቡ ማይኩ ፊት ተቀምጠው አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አዜሙ፤ በየመሐሉም የዜማውን ምልክት አብራሩ። በማዳመጫው ምንም አይሰማኝም። ይህን «ጥራት» ብዬ ተረጎምሁት።

ሲጨርሱ ውኃ ተጎነጩና «እስኪ አሰማኝ» አሉ።

ከፈትሁት። ለካ የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ መግቢያው ላይ ሲሰኩት እሱ ራሱ ማይክ ይሆናል! ማዳመጫው ደግሞ የነበረው እኔ ጆሮ ላይ ነው። ከላፕቶፑ የወጣው የእኔ ትንፋሽ፣ የእኔ ጉሮሮ ጠረጋ፣ እሳቸው ሲያዜሙ ማንም ሳይጋብዘኝ ያንጎራጎርሁት እንጉርጉሮ ነው። ከዚያ «ገባኝ»። ትንሽ ቆይቶ «ገባኝ፣ ገባኝ»። የኔታ ሩቅ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ከበስተኋላ ይሰማሉ።

ውቢት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አላጣራሁም።

«ለመሆኑ፣ ምኑ ነው የገባህ?» አሉ የኔታ።

ላስረዳ ጀመርሁ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አለቀብኝ።

መነጽሬን አደረግሁ፤ ሽቦዎቹን አቀያየርሁ። የኔታም ሳይቆጡ እንደገና ጀመሩ። ድምፃቸው ግን ደክሞ ነበር፤ ሻከረ፣ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ተዘጋ። የተረፈን ሩብ ሰዓት የማይሞላ ቀረጻ ነው። በማግስቱ ሆስፒታሉ በር ላይ ከውቢት ጋር ቆሜ ጠበቅሁ፤ ለዜና አልነበረም።

ድምፃቸው በሁለት ወሩ ተመለሰ፤ እንዲያውም ጠርቷል። ደሴቲቱ ድረስ ተሻግሬ ልጠይቃቸው ስሄድ ያን የሻከረ ቀረጻ አሰማኋቸው።

«ይህ ደግሞ የማን ሽማግሌ ነው? አጥፋው!» አሉ።

ደስ እያለኝ አጠፋሁ። የመጀመሪያውንም ላጠፋ ጣቴን ስዘረጋ እጄን ያዙኝ።

«እሱን ተው፣ ልጄ። ለተማሪዎቼ እፈልገዋለሁ።»

አሁን አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር፣ ከአንድም ዜማ በፊት የሚሰማው እኔን ነው። ሲያበቃ የኔታ «እንዲህ እንዳትሆኑ» ይላሉ አሉ። ወሬውን ያመጣችልኝ ውቢት ናት። ከአንድ ምንጭ አልቀበልም ብዬ ተማሪዎቹን ጠየቅሁ።

ትክክል ነው።