ሊቀ ችካላትና ሦስተኛው ኳስ

ጥፋቱን የሚያሸክመው ዕቃ ያጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ባስተማርሁበት ዘመን፣ ፈተና የወደቁ ተማሪዎች ብዕራቸውን ሲከሱ፣ ወንበራቸውን ሲያማርሩ፣ በመስኮት የገባባቸውን ፀሐይ ሲወቅሱ ሰምቻለሁ። ልጅነት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ጡረታ ወጥቼ ጎልፍ መጫወት ከጀመርሁ ወዲህ ግን፣ ይህ አመል ከዕድሜ ጋር የማይለቅ፣ እንዲያውም ሽበት ሲታከልበት ማዕርግ የሚያገኝ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ማስረጃ የሚሻ ቢኖር ቅዳሜ ጧት ወደ ሜዳችን ብቅ ይበል። ክቡር ወዳጄን፣ የቀድሞውን ፋርማሲስት፣ የአሁኑን ሊቀ ችካላት ያገኛቸዋል። ማዕርጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ስድብ መሆኑን እስካሁን አላወቁም። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንተ እንባባላለን፤ በጽሑፍ ግን ለእንዲህ ያለ ሊቅ አንቱታ ይገባል።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ችካል የምለው፣ ኳሱ ለመጀመሪያው ምት ከመሬት ከፍ ብሎ የሚቀመጥባትን፣ ከጣት የማትበልጥ እንጨት ነው። ኳሱን ለአፍታ ትሸከማለች፤ ከዚያም ትወድቃለች። ከመጠን በላይ ካጠረች ዱላው መሬት ይመታል፤ ከመጠን በላይ ከረዘመች ኳሱ ሽቅብ ይጓናል። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የላትም። ይህን ለማስረዳት አንድ አንቀጽ በቅቶኛል፤ ለሊቀ ችካላት ግን ሰባት ዓመት አልበቃቸውም።

ችካሎቻቸውን የሚይዙት በአሮጌ የመድኃኒት ብልቃጦች ነው። በየብልቃጡ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ቀርከሃ፣ ለጧት ብቻ»፤ «ፕላስቲክ፣ ነፋስ ከኋላ ሲሆን»፤ «አጭር፣ ከዝናብ በኋላ»። አንድ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ፣ «ይቺኛዋስ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተ ትቀልዳለህ፤» አሉኝ በሐዘኔታ። «ኳስ ግን ቀልድ አያውቅም።»

የጋራ ወዳጃችን ታሞ ሆስፒታል ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ ያደረጉትን ደግሞ ልናገር። ሐኪም ጉሮሮ ለማየት ምላስ የሚጫንበትን ስስ እንጨት ከጠረጴዛው ላይ አነሡ፤ ወደ መብራቱ አስጠጉ፤ አጎበጡት፤ አሸተቱት። «አየህ፣ አይሰነጠቅም እኮ! ይህ ቢቀረጽ...»

«እኔ እዚህ አቃስታለሁ፣ አንተ እንጨት ትመርጣለህ?» አለ በሽተኛው።

«አንተማ ትድናለህ፤» ብለው ሁለት እንጨት ኪሳቸው ከተቱ።

ኳሳቸው ቁጥቋጦ በገባ ቁጥር ጥፋቱ የችካሏ ነው። ሣር የምታጭደዋ ሴት አንድ ቀን የማጨጃ መኪናዋን አጥፍታ፣ «አባባ፣ ኳሱ እኮ ምን ላይ ተቀምጦ እንደነበር አያውቅም» አለቻቸው።

«ልጄ፣ አንቺ የምታውቂው ሣር ነው።»

«አዎ፤ ኳስዎን ሁልጊዜ የማገኘው እሱ ውስጥ ነዋ!»

ሕመማቸው ሌላ ነው። ዱላው ኳሱን ሳይነካ፣ የት እንደደረሰ ለማየት ቀና ይላሉ። ሥራውን ሳይፈጽም ውጤቱን የሚናፍቅ ሰው ሁለቱንም እንደሚያጣ መቶ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። መቶ ጊዜም፣ «እሱስ ልክ ነህ፤ ግን ይቺ ችካል ትንሽ ወፈረች» ብለውኛል።

ባለፈው ወር የሜዳው ኮሚቴ ማስታወቂያ ለጠፈ። ዕድሜው ከስድሳ አምስት ያለፈ ተጫዋች፣ ከመጀመሪያው መነሻ ፊት ለፊት ያለውን ወንዝ በሦስት ኳስ ማሻገር ካልቻለ፣ ከእንግዲህ ከወንዙ ማዶ ካለው ፊተኛ መነሻ፣ ከአዛውንቶቹ ምድብ ጋር፣ ረቡዕ ረቡዕ ይጫወታል። እኔ አስቀድሜ አሻግሬ ነበር። ሊቀ ችካላት ከወደቁ፣ ሰባት ዓመት አብረን የተጫወትንበት ቅዳሜ አበቃ ማለት ነው። ፈታኝ ሆኜ የተመረጥሁት ደግሞ እኔው ነበርሁ፤ ግማሽ ማርክ እንኳ በምሕረት ሰጥቼ እንደማላውቅ ሁሉም ያውቃል።

«ረቡዕ ከእነዚያ ሽማግሌዎች ጋር?» አሉ ማስታወቂያውን አንብበው ሲጨርሱ። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው።

ቀኑ ደረሰ። የመጀመሪያው ኳስ ከቀርከሃ ላይ ተነሥቶ ውኃ ገባ። ሁለተኛው ከፕላስቲክ ላይ ተነሥቶ ያንኑ መንገድ ተከተለ። ሊቀ ችካላት ብልቃጦቻቸውን ሁሉ ሣሩ ላይ ደፏቸው። ያነሣሉ፤ ይጥላሉ። እንዲህ ያለውን እጅ አውቀዋለሁ፤ አምስት ደቂቃ ሲቀር ባዶ ወረቀት ፊት የተቀመጠ ተማሪ እጅ ነው።

«መምህር፣» አሉኝ ቀና ብለው፣ «እስቲ አንተ ምረጥልኝ።»

በሰባት ዓመት ውስጥ ምክሬን ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ሁሉም እንጨት ነው፤ አንገትህን ዝቅ አድርግ» ማለት ይገባኝ ነበር። እውነቱ ይህ ነው። ይህ እውነት ግን መቶ ጊዜ ተነግሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠቀማቸውም። ጎንበስ ብዬ፣ ሌላ ሰው ሰብሮ የጣላትን የችካል ቁራጭ ከሣሩ ውስጥ አነሣሁ።

«ይቺን።»

«ይቺማ ሰባራ ናት!»

«ለዚያ ነው። ሙሉዋ ኳሱን ትይዘዋለች፤ ሰባራ ግን አቅም ስለሌላት ትለቀዋለች።» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «ችግሯ፣ ወድቃ ትጠፋለች። ሌላ ደግሞ የለንም። ስትመታ ዓይንህን ከእሷ ላይ እንዳትነቅል።»

ለተፈታኝ ሹክ የሚል ፈታኝ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። በዚህ ጥፋት ተማሪ ከክፍል አስወጥቼ አውቃለሁ።

ሊቀ ችካላት ሰባራዋን ተከሉ፤ ኳሱን አስቀመጡ፤ ዓይናቸውን እንጨቷ ላይ ተከሉና መቱ። ኳሱ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከማዶ ያለውን ዳገት አጋምሶ ቆመ። በሰባት ዓመት ውስጥ ከሁሉ ያማረውን ምታቸውን ከእኔ በቀር ያየው የለም፤ እሳቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ይዳብሱ ነበር።

«አገኘኋት!» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «ኳሱስ?»

«ተሻግሯል፤» አልሁ፤ በመዝገቡም ላይ ጻፍሁ።

ከዚያ ወዲህ መከራዬን እያየሁ ነው። ሊቀ ችካላት የሰባራን ጥቅም ለሰማቸው ሁሉ ይሰብካሉ፤ «መምህሩ በጥናት ያረጋገጠው» ይላሉ። ደህናውን ችካል በጉልበቱ እየሰበረ የሚጫወት ሞልቷል። ሣር አጫጇ ስታገኘኝ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ እኔም ዓይኔን ወደ ሰማይ አነሣለሁ።

ተሳስቼ ያስተማርሁትን ሁሉ በማግሥቱ ክፍል ገብቼ በግልጽ ያረምሁ ሰው ነኝ። ይህን ግን ለማረም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አፌን ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ። ይልቁንም ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪ ወረቀት ሳርምበት በኖርሁት ጠረጴዛ ላይ ትንሽ መጋዝ ይዤ እቀመጣለሁ። ለነገ አሥር ሰባራ ማድረስ አለብኝ፤ ቁመታቸው እኩል ካልሆነ ሊቀ ችካላት ይመልሱብኛል።