አራት ኮርድ ለሦስት ሽማግሌ

ሰው አሥር ጣት አለው የሚሉት ኦርጋን ነክተው የማያውቁ ናቸው። እኔም እስከዚህ ዕድሜዬ አሥር ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ኦርጋን ፊት ተቀምጬ አንድ በአንድ ስፈትሻቸው ግን የሚታዘዙኝ አራት ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ዝም ብለው አብረውኝ የኖሩ ጥገኞች ናቸው። በተለይ የቀለበት ጣቴ! እሱን ብቻውን ላነሣ ስል ጎረቤቱ አብሮት ይነሣል። ባልና ሚስት ለቅሶ ሲሄዱ አይተህ የለም? እንደዚያ ነው።

መቁጠር አመሌ ነው፤ አትታዘበኝ። ፊደል ሳልቆጥር ድንች ቆጥሬ ነው ሰው የሆንሁት። ከገሳይ ድንች በአህያ እየጫንሁ ደብረ ታቦር ገበያ አወርድ ነበር፤ ዛሬ እግዜር ይመስገን ወፍጮ ቤት አለኝ። ሚኒባስ ስገባ የሰው ራስ እቆጥራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ መቋሚያ እቆጥራለሁ። ባለቤቴ ስታስነጥስ እንኳ «ይማርሽ» ከማለቴ በፊት ስንተኛዋ እንደሆነ ነው የምነግራት። እሷም ስንት ጊዜ እንደተቆጣችኝ ቆጥሬላታለሁ።

ታዲያ የድንች ሰው ከኦርጋን ምን አገናኘው አትለኝም?

ልጄ የኔነሽ ናት ያገናኘችኝ። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አንድ ቀን ሦስት ሽማግሌዎች እሷን ለአንድ ልጅ ሊጠይቁ ደጄን ረገጡ። አንደኛው መሪጌታ ፍሥሐ ናቸው፤ ተማሪ ሲያፋጥጡ ያረጁ ሰው፣ ቃል ከአፍህ ሲያመልጥ ድመት አይጥን እንደምትይዝ ነው የሚይዙት። ሁለተኛው ሐጂ ሰዒድ፣ ገበያ መሐል አሮጌ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚሸጡ ወዳጄ ናቸው። ሦስተኛው ከሐሙሲት የመጣ የልጁ አጎት ነው። እሱ አይናገርም። ለማስፈራራት ያመጡት ይመስለኛል።

መቼም ወጉን ታውቀዋለህ። በመጀመሪያው ቀን አባት «ከዘመድ ልምከር» ይላል፤ ቢቸኩል ልጁ የተረፈችው ትመስልበታለች። እኔም አልሁ። ተመልሰው ሲመጡ ልጁ ሥራው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። አንዷለም ይባላል፤ ኦርጋን ይጫወታል አሉኝ። መጫወቱንስ ይጫወት፣ ማን ይከለክለዋል፤ ሥራውን ነው የጠየቅሁት አልሁ። ሐጂ ሰዒድ ሥራውማ ይኸው ነው ብለው ያስረዱኝ ጀመር፤ በሠርግ ይጫወታል፣ በሆቴል ይጫወታል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፈረንጁን ሮክና ፖፕ ሲያማቸው ከእሱ ሌላ ሐኪም የላቸውም አሉ።

ይኼን ጊዜ ነው አፌ የቀደመኝ። ልጁን አንድ ሠርግ ላይ አይቼዋለሁ አልሁ። ጣቱ ይወርዳል፣ ጣቱ ይወጣል፤ የሚወርድና የሚወጣ ነገር ደግሞ ይቆጠራል፤ የሚቆጠርን ነገር እኔ በአንድ ክረምት እለምደዋለሁ። እኔ በአንድ ክረምት የምለምደው ነገር ሙያ አይባልም፤ ለሙያ ቢስም ልጅ አልሰጥም።

መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«እንግዲያው አያ ጥጋቡ፣ ይልመዱታ» አሉ። «ለምደው አንድ ዜማ ከተወጡልን እኛም እግራችንን እንሰበስባለን። ካቃትዎ ግን ሙያ ነውና ልጅቱን ይመርቁልናል።»

እኔም እሺ አልሁ። የኔነሽ ሁሉንም ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «ይልመዱት አባዬ፣ ቪዲዮውን እኔ ስልክዎ ላይ እከፍትልዎታለሁ» አለችኝ። ኦርጋኑንም ሐጂ ሰዒድ ከሱቃቸው አዋሱኝ። የባላጋራህ ሽማግሌ መሣሪያ ሲያውስህ መጠርጠር ነበረብህ ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፤ ግን በነፃ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ምን ይመስልሃል? ቆጠርሁት እንጂ! ስድሳ አንድ ቁልፍ አለው። ነጩ ሠላሳ ስድስት፣ ጥቁሩ ሃያ አምስት። ልቤ ደነገጠ፤ ይህን ሁሉ ማን ይለምዳል? ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ለካ አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀረው ድግግሞሽ ነው። ልክ እንደ ሰፈራችን ወሬ፤ አንዱን ወሬ አንዷ በወፍራም ድምፅ፣ ሌላዋ በቀጭን ድምፅ ታወራዋለች።

ስልኩ ላይ የምታስተምረው ጥፍሯን ቀይ የቀባች ፈረንጅ ናት። የምትለው አንድም አይገባኝም፤ አፏን ትቼ ጣቷን እቆጥር ጀመር። ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫን ያ ነገር ኮርድ ይባላል። ከአንዱ ቁልፍ ተነሥተህ ጥቁሩን ሳትዘል አራት ትቆጥራለህ፤ ከዚያ ሦስት ትቆጥራለህ፤ ሦስቱን አብረህ ትጫናለህ። ይኼ የሚስቀው ኮርድ ነው። መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አራት ከቆጠርህ ደግሞ ያለቅሳል። ልዩነቱ የአንድ ጣት እርምጃ ናት! ሳቅና ለቅሶ ይኼን ያህል ጎረቤት መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ተዝካርና ሠርግ አንድ ዳስ ውስጥ የሚደገሰው ለካ በምክንያት ነው።

ቀጥላ እጅ አያያዝ አሳየች። ብርቱካን መዳፏ ውስጥ ትይዝና እጇን ጎበጥ ታደርጋለች፤ ብርቱካኑን ስትተው እጇ እንደጎበጠ ይቀራል። እኛ ቤት ብርቱካን አልነበረም፤ ድንች ያዝሁ። ድንቹን ስተው እጄ ጆንያ እንደሚያነሣ ሰው ወደ ታች ተዘረጋ። ምን ያድርግ፣ የለመደውን ነው! አንዱ ጣቴ በአንድ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይረግጣል። ሴትዮዋ ጣቷን ታሳርፋለች፤ እኔ አወርዳለሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ያ ዕቃ ምን በድሎዎት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ከኮርድ ወደ ኮርድ መሻገርም አሳሩን አበላኝ። እኔ እጄን ሙሉ ለሙሉ አንሥቼ እንደ ፌንጣ እዘላለሁ፤ ስወርድ ሌላ አገር ነው የማርፈው። የሴትዮዋ እጅ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ደጋግሜ ሳያት ገባኝ፤ አንዱን ጣት እዚያው ትተወውና ሁለቱን ወደ ጎረቤት ብቻ ነው የምታስጠጋቸው። ቅርብ ያለውን መጠቀም ማለት ነው። ይኼማ የእኔው ንግድ ነው! ግራ እጅም ቢሆን ሥራው ቀላል ነው፤ የኮርዱን መሠረት አንዷን ቁልፍ ብቻ ወፈር ባለ ድምፅ ይነካል። የዳስ ምሰሶ በለው።

አራት ኮርድ ለመድሁ። የሚስቅ፣ የሚስቅ፣ የሚያለቅስ፣ የሚስቅ። የኔነሽ እንደነገረችኝ ከሆነ የፈረንጁ ፖፕ ግማሹ በእነዚህ በአራቱ ነው የሚሄደው። እንዲያው ዓለም ላይ ስንቱ ነው በአራት ነገር የሚኖረው!

መስቀል አለፈና ሽማግሌዎቹ መጡ። «ኖር» ብዬ ተነሣሁ፣ «በእግዜር» አሉኝ፣ ግን አልተቀመጡም። በእኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም። ከተቀመጠ እሺ ተብሏል ማለት ነው። ወንበሩ ከኋላቸው ተደርድሯል፤ እነሱ ደግሞ ወንበር የሚባል ነገር እንዳልተፈጠረ ሆነው ቆመዋል። እኔ ኦርጋኑ ፊት ተቀመጥሁ። የኔነሽ የጓዳው በር ላይ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች።

ጀመርሁ።

በልቤ እየቆጠርሁ ነው። የሚስቀው፣ የሚስቀው፣ የሚያለቅሰው፣ የሚስቀው። ከዚያ እንደገና። ሄደልኝ! ግራ እጄም አልከዳኝም። በሦስተኛው ዙር መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ወዝወዝ ማለት ጀመሩ። ሐጂ ሰዒድ አፋቸውን ከፈቱ። የሐሙሲቱ አጎት ፊቱ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቆረ። አሸነፍሁ ማለት ነው። የኔነሽን ቀና ብዬ ሳያት ግን ዐይኗ ሞልቷል። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚያ ላይ ድሉ ጣዕሙ ቀነሰብኝ። ግን እጄ ይሄዳል።

እንግዲህ ይበቃል ብዬ አራተኛው ኮርድ ላይ እጄን አነሣሁ። ሁሉም ይጠብቃል።

«ቀጥሉ እንጂ» አሉ ሐጂ።

«አልቋል» አልሁ።

«ኧረ አላለቀም» አሉ መሪጌታ። «ዜማ ማረፊያ አለው። ይኼ አላረፈም፣ ተንጠልጥሏል። መልመድ ማለት ጀምሮ መጨረስ ነው አያ ጥጋቡ፤ ካልጨረሱት አልተወጡትም።»

ሐጂ ሰዒድም «አፍንጫው አሳክኮት ማስነጠሱ እንደጠፋበት ሰው ነው የሆንሁት» አሉ።

ስለ መጨረሻ አስቤ አላውቅም ነበር! ቤቴ ውስጥ የማቆመው ባለቤቴ «ምሳ ቀረበ» ስትለኝ ነው። ስልኩም ላይ ቢሆን ሴትዮዋ ሳትጨርስ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል። እንደገና ጀመርሁ። ሁለተኛው ላይ ላቁም አልሁ፤ ሰው በር አንኳኩቶ እንደሮጠ ዓይነት ሆነ። ሦስተኛው ላይ ላቁም አልሁ፤ እሱ ደግሞ የሚያለቅሰው ነው፣ ባለቤቴ ከጓዳ «ማን ሞተ?» ብላ ወጣች። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ያለው ሰው ኦርጋን ሞክሮ መሆን አለበት። ብተወው ተሸነፍሁ፤ ብቀጥል ደግሞ ማለቂያ የለውም። ላቤ ቁልፉ ላይ ይንጠባጠባል። ሐጂ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው ይቆማሉ። መሪጌታ መወዝወዙን ትተው መቋሚያቸው ላይ ተንጠላጠሉ። እነሱ አይቀመጡ፣ እኔ አላቆም።

በዚህ መሐል ከኋላዬ ክንድ መጣ። የኔነሽ ናት። አራተኛው ኮርድ እንዳለፈ እጄን ገፋ አድርጋ የመጀመሪያውን ኮርድ ቀስ ብላ ነካችው። ነካችውና እዚያው ያዘችው። ድምፁ መንምኖ እስኪጠፋ ድረስ ጣቷን አላነሣችም። እጇ ብርቱካን እንደያዘ ጎበጥ ብሏል።

ሦስቱም ሽማግሌዎች አንድ ላይ ተነፈሱ።

«አረፈ» አሉ መሪጌታ።

እኔ እኮ እስከ አራት ነው የቆጠርሁት! አምስተኛው ራሱ አንደኛው መሆኑን በየት በኩል ልቁጠረው? መነሻ መድረሻ የሚሆንበት ሒሳብ በድንች ላይ ገጥሞኝ አያውቅም። ከዚያ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ።

«ማን አስተማረሽ?» አልኋት።

እሷ መሬቱን ታያለች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይመረምራሉ። ሐጂ ሰዒድ የጣራዬን ቆርቆሮ ይቆጥራሉ፤ የእኔን ሥራ።

ግን እኔ በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁም። ቶሎ ብዬ አሸንፌአለሁ አልሁ። ልጄ የእኔ ናት፤ የእኔ ልጅ ከጨረሰችው እኔ ጨረስሁት ማለት ነው፤ በሬዬ ያረሰው የእኔ እርሻ አይደለም ወይ? ሐጂ ሰዒድ ይኼማ እኛን ነው የሚረዳ፣ እርስዎ ብቻዎን አቅቶዎታል አሉ። መሪጌታም ልጅቱ የጨረሰችው ከባለሙያ ተምራ ነው፣ ባለሙያ ካለ ሙያ አለ ብለው ተከራከሩኝ። እኔም ሞቀኝ። እንዲህ ዓይነት ክርክር እወዳለሁ፤ ነጥብ በነጥብ እየቆጠርሁ ላስረዳቸው ፈለግሁ። ቆመው ግን እግራቸው እየተንቀጠቀጠ አላዳመጡኝም።

«ኧረ ቁጭ በሉና እንከራከር!» አልሁ።

ከአፌ ሳይወጣ ተቀመጡ። እንዲህ ፈጥኖ የተቀመጠ ሽማግሌ ዐይቼ አላውቅም። ወንበሩ ጮኸ። ያ የማይናገረው የሐሙሲቱ አጎት ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«እግዜር ይስጥልን አያ ጥጋቡ» አለ። «ሠርጉን ለጥር ብናደርገውስ?»

ባለቤቴ እልል አለች። ሦስቴ ነው ያለችው። ቆጠርሁት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አሁን አንዷለም አማቼ ነው። ደኅና ልጅ ነው፤ አልዋሽም። አልፎ አልፎ ሆቴል ሄጄ ሲሠራ አየዋለሁ። አንድ ነገር ይከነክነኛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከአህያ ኋላ ቆሜ፣ ከሚዛን ፊት ቆሜ፣ ከወፍጮ አጠገብ ቆሜ ነው እንጀራ የበላሁት። ስለ እሱም ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ተንቀጥቅጧል። እሱ ግን ሁልጊዜም ተቀምጧል። ጣቱን ትቼ ወንበሩን ቆጥሬ ይኼ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ ልጄን በመጀመሪያው ቀን እሰጠውና እኔም ኦርጋኑን በድንቹ ዘመን እጀምረው ነበር።