ለእግረ ደካሞች የተሠራ ጀልባ

ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘ በሁለተኛው ክረምት፣ ሥልጣኔ በርብ ወንዝ ላይ በጀልባ መጣ። ጀልባው በእርጅናም ሆነ በሕመም እግራቸው ለከዳቸው ሰዎች ብቻ የታሰበ ነበር። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ የጥጥ ትራስ፣ መያዣ ገመድ፤ ምን ቀረው! ከአፋፉ እስከ ውኃው ግን አርባ የድንጋይ ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። ደረጃው መቼም እጅግ ያምራል።

እመይቴ ትርንጎ እግራቸው ከሰለለ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። በጀልባው ምርቃት ዕለት ማለዳ ከወንዙ ማዶ መርዶ መጣ፤ ታናሽ ወንድማቸው ደሳለኝ ዐርፏል፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የእኅታቸው ልጅ ዘውዱ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ተሸክሞ ከአፋፉ አደረሳቸው።

የጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ሞላ እጁን ዘርግቶ አገዳቸው። ከኋላው ሁለት ጠመንጃ ያዦች ቆመዋል።

«አውርዱ! ሰው በሰው ጫንቃ መሄዱ የባርነት ምልክት ነውና መንግሥት ሽሮታል።»

«ታዲያ እንዴት ይውረዱ?» አለ ዘውዱ።

«በነጻነት።»

«እግራቸው አይሠራም እኮ፣ አንተ ሰው!»

«ጀልባው ለዚሁ አይደል የተሠራ?»

«አንተ ሞላ፣» አሉ እመይቴ ትርንጎ፣ «እናትህን አውቃታለሁ። በቂጤ እየተንፏቀቅሁ ልውረድ። ወንድሜን አፈር ሳይለብስ ልየው።»

ሞላ ወርዶ ለጣሊያኑ ሹም አንሾካሾከና ተመለሰ።

«የምርቃቱን ፎቶግራፍ ያበላሻል ይላሉ።»

ፎቶግራፉ እንዳይበላሽ ለምርቃቱ የተጠሩት ባላባቶች ወረዱ። ትራሱ ላይ ተደላደሉ፤ ለየእጃቸውም ምርኩዝ ታደላቸው። ባለፈው ሳምንት ጉና ላይ ሚዳቋ በሩጫ የያዙት ግራዝማች አድማሱ፣ ትንሽ ያነክሱ ዘንድ ቢለመኑ፣

«በየትኛው እግር ይሁን?» ብለው በትሕትና ጠየቁ።

ጀልባው ከወንዙ መካከል ሲደርስ ማዶ አስከሬን ወጣ። እመይቴ ትርንጎ ነጠላቸውን አሸርጠው ከአፋፉ ላይ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

«ወንድሜ ደሳለኝ እንዳትታዘበኝ፣
ጀልባ ተሠራልኝ፣ ከቀብርህ አስቀረኝ!»

ከባላባቶቹ ጋር የተሳፈረው ሹም ቀና አለ። «ምን እያሉ ነው?»

ሞላ ከጎኑ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ስለ ጀልባው ነው፣ ጌታዬ።»

«ይዘፍናሉ?»

«ግጥም አውጥተውለታል።»

ሹሙ ባርኔጣውን አውልቆ አጨበጨበ። ሹም ሲያጨበጭብ እጁን የሚያጥፍ ባላባት የለምና፣ ገደሉ ሁሉ በጭብጨባ ተናጋ። መቃብሩ አፍ ላይ የቆሙት የደሳለኝ ልጆችም ዘወር አሉ፤ አክስታቸው ከአፋፉ ላይ እጃቸውን ሲያወናጭፉ፣ ሹሙም ሲያጨበጭብላቸው አዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጆቹ እግር የእመይቴ ትርንጎን ደጅ ረግጦ አያውቅም። አባታችን ሲቀበር ለጣሊያን የጨፈረች አክስት አለችን አሉ፤ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ቢላክባቸውም አልታረቁም።

በዚያው ሳምንት ወደ ጎንደር የተላከው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ ጀልባው በሁለቱ ዳርቻዎች ተለያይተው የኖሩ ቤተ ዘመዶችን አቀራርቧል።