ሁለተኛው ሰያፍ ሁለት ነው

ዘንዶ ባለበት ጠረጴዛ ሁሉ አንድ ካሬ ቆጣሪ አይጠፋም። ዘንዶውን ማስቀረት ይቻላል፤ ቆጣሪውን ግን አይቻልም። ወዳጆች ለምናብ ጨዋታ ተሰብስበው፣ ካሬ ካሬ የተሰመረ ምንጣፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ እያንዳንዳቸው አውራ ጣት የምታህል የብረት ጀግና አቁመው፣ ልባቸው ዋሻው ውስጥ ሊገባ ሲል አንዱ ከወንበሩ ብድግ ይላል። «ቆይ፣ ቆይ። እሱ እኮ ስድስት ካሬ አይደለም፤ ሰባት ነው።» ዋሻው እዚያው ይናዳል።

በሮንዳ ኩቢያክ ምድር ቤት ይህን መንበር የያዙት ክቡር ሊቀ ካሬ ኦርቪል ቴሽ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠው አብሮት የሚጫወተው ደልበርት ነው፣ ሊያበሽቀው ብሎ። ኦርቪል ግን እንደ ካባ ደረበው። ከዚህ ወዲያ «እሱ» ብንለው አይቀየምም፤ የሚቀየመው ቅባት በነካው ጣት ምንጣፉን ሲነኩበት ነው።

ኦርቪል በአዳኝ ጃኬቱ ኪስ ከልብስ መስቀያ ሽቦ የታጠፉ ቅርጾች ይዞ ይዞራል። ክቡ ጠንቋይ ለሚወረውረው የእሳት ኳስ፣ ሾጣጣው ደግሞ ለዘንዶ ትንፋሽ። እሳት በተነሳ ቁጥር ሽቦውን ምንጣፉ ላይ ያጋድምና ጉንጩን ከጠረጴዛው አስጠግቶ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ግማሹ የተሸፈነ ካሬ ይቃጠላል፣ ከግማሽ በታች የሆነ ይተርፋል። ፍርዱን ሰጥቶ ሲያበቃም «ካሬው አይዋሽም» ይላል፣ ጸሎት እንደሚያሳርግ ቄስ።

አንዴ የደልበርት ጠንቋይ አንድ ጭፍራ ሽፍታ በአንድ ኳስ አመድ አድርጎ፣ ደልበርት ቢራውን ከፍቶ ሲጨፍር፣ ኦርቪል ሽቦውን አነሳና «በቅሎህም ውስጥ ናት» አለው። የሦስት ዘመቻ ምርኮ የተጫነው በቅሎዋ ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሮንዳ ክብ ግንብ ሥላ መጣች። ክብ ግድግዳ ካሬውን እኩል ሲከፍለው መቆሚያ ነው ወይስ ግድግዳ? በዚህ ሲከራከሩ ግንቡ ሳይወረር ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምሳ ላይ እንኳ ሳህኑን ይዞ ተራ ሲጠብቅ የወለሉን ንጣፍ በዓይኑ ሲቆጥር አይተውታል።

ከሁሉም የከፋው ግን የሰያፉ ሕግ ነው። በማዕዘን የሚያቋርጥ ሰው መንገዱ ይረዝማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰያፍ እርምጃ አንድ ይቆጠራል፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው እንደገና አንድ፣ አራተኛው ሁለት። ሕጉን ያጸደቁት ሁሉም አንድ ላይ ነው። የሚያስታውሰው ግን ኦርቪል ብቻ ነው።

አንድ የጨዋታ እሑድ ሮንዳ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሰች ጀምሮ ምንጣፉን ለመዘርጋት ስታመነታ ዋለች። ጨዋታውን የምትመራው እሷ ናት። ዘንዶውም እሷ ናት። ዘንዶው ፊት ደግሞ የማርሊስ ድንክ ቆሟል።

ድንኩ ሃልቫር በእርግጥ የማርሊስ አልነበረም፤ የባሏ የቨርን ነበር። ቨርን የድንኩን ጺም የቀባው ለዓሣ ማባበያ በሚገዛው ቀይ ቀለም ነው። ባለፈው መኸር ከቀብሩ በኋላ ማርሊስ ማንም ሳይጠራት መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ማን ነው የሚመታው? አሳዩኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ አንድ እሑድ አልቀረችም።

በዚህ ቤት ደግሞ የሞተ አይመለስም። የአጋዘን ሥጋ ከሚቀመጥበት ትልቅ ማቀዝቀዣ በላይ አንዲት መደርደሪያ አለች። የሞተ ጀግና እዚያ ይወጣል፣ አቧራ ይለብሳል፣ ከዚያ የወረደ የለም። ሃልቫር ቆስሎ ነፍሱ በክር ተንጠልጥላ ነበር። እሳት ከነካው መደርደሪያው ነው።

ማርሊስ ድንኩን ከእሳት ወደሚከልለው ድንጋይ ጥላ በሰያፍ አስሮጠችው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

«ሁለተኛው ሰያፍ ሁለት ነው» አለ ኦርቪል።

ድንኩ ከጥላው አንድ ካሬ ጎድሎ ሜዳ ላይ ቀረ።

«አንተ ሰው አይደለህም እንዴ?» ደልበርት ጠረጴዛውን መታ። «አንድ ካሬ እኮ ነው! ምን ይጎድልብሃል?»

ተራው የኦርቪል ነበር። የእሱ ጀግና ባለ ጋሻው ብራንዶክ ነው፤ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ፣ በጥንቃቄ ስለሚቆጠርለት ቀለሙ እንኳ ያልተላጠ። ኦርቪል ምንጣፉን ከላይ አየ፣ ከጎን አየ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ። ትሪው ላይ ያለው ድንችና ሥጋ ቀዝቅዞ ረጋ። በመጨረሻም ብራንዶክን ወስዶ ከሁሉም ኋላ፣ ዘንዶው ከማያየው ምሰሶ ጀርባ አቆመው።

«ያን ሁሉ አስበህ እዚያ?» አለ ደልበርት። «ምን አለ እዚያ፣ ሽንት ቤት?»

«የቀረኝን እርምጃ አቆያለሁ። ዘንዶው አፉን ሲከፍት እንቀሳቀሳለሁ።»

«ልትሸሽ ነዋ፣ ወደ በሩ!»

ሮንዳ «እሺ፣ ቆይቷል» አለች፤ አልሰማችውም ማለት ይቻላል። ዓይኗ ቀይ ጺም ላይ ነበር። የዘንዶው ተራ ደርሷል። ዘንዶ ደግሞ ቁስለኛ ፊቱ ቆሞ ሌላ አይመርጥም፤ ይህን ጠረጴዛው ሁሉ ያውቃል። ሮንዳ ጀመረች። «ዘንዶው... አንገቱን ወደ ሃልቫር ያዞራል። አፉን ይከፍታል።» ይህን እያለች የተጠበሰውን አይብ ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ ክርኗ ድንኩን ነካው። ሃልቫር ወደ ጥላው አንድ ካሬ ተንሸራተተ።

ሮንዳ አይቡን አፏ ውስጥ አድርጋ ማኘክ አቃታት። ደልበርት አይቷል።

«ሮንዳ» አለ ኦርቪል ቀስ ብሎ። «ክርንሽ።»

«ኦርቪል፣ በእናትህ» አለ ደልበርት። «ዛሬ ብቻ። ዛሬ ብቻ እንዳላየህ ሁን።»

«መልሺው» አለች ማርሊስ።

«ማርሊስ፣ እኔ እኮ...»

«መልሺው አልኩሽ። ቨርን በምጽዋት ተጫውቶ አያውቅም። እኔም አልጀምርም።»

ሮንዳ ድንኩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ሜዳው መለሰችው። ኦርቪል ሾጣጣውን ሽቦ አውጥቶ ጫፉን ከዘንዶው አፍ ገጠመና ጉንጩን ከጠረጴዛው አስጠጋ። ከወትሮው ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ።

«ከግማሽ በላይ ነው። ውስጥ ነው።»

ማርሊስ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሮንዳ ጉዳቱን የሚወስኑትን ዳይሶች ጨብጣ እጇን አነሳች።

«አትጣያቸው» አለ ኦርቪል። «ያቆየሁት እርምጃ አለኝ።»

ምሰሶው ጀርባ የቆመውን ብራንዶክን ያስታወሰ አልነበረም። ኦርቪል አነሳውና ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ፣ በሰያፍ፣ እያንዳንዱ ካሬ ላይ እያሳረፈ። «አንድ። ሦስት። አራት።» ብራንዶክ የቀረው እርምጃ ስድስት ብቻ ነው። የመጨረሻዋ እርምጃ ከሃልቫር ጎን አሳረፈችው። «ስድስት። በጋሻው እገፋዋለሁ፤ አንድ ካሬ፣ ወደ ጥላው።» ገፋው። ከዚያ ሽቦውን እንደገና አጋደመ። «ድንኩ ውጭ ነው። እኔ ውስጥ ነኝ።»

ደልበርት በዕድሜው ካሬ ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ነው። ተነስቶ ከምሰሶው ጀምሮ በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «ልክ ነው» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ከሌላ ካሬ ብትነሳ አትደርስም ነበር። ታዲያ ለምን ቀድመህ አልሄድክም?»

«ድንኩን ቀድሜ ብደብቀው ዘንዶው አንገቱን ወደ ሌላችሁ ያዞር ነበር።»

ሮንዳ ዳይሶቹን ጣለች። ሁለቱ ከፍ ያለውን ቁጥር ይዘው ተቀመጡ፤ ሌሎቹም አላዘኑለትም።

«ሮንዳ፣ እንግዲህ ትንሽ ቀነስ አድርጊለት» አለ ደልበርት።

«ደምሪ» አለ ኦርቪል።

ደመረች። አልተረፈም። ኦርቪል ብራንዶክን በመሐረቡ ጠርጎ ራሱ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደና መደርደሪያው ላይ አቆመው። ከጠርዙ ጋር እኩል መሆኑን አይቶ ትንሽ አስተካከለው።

«ኦርቪል» አለች ማርሊስ ከኋላው። «ለምን?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ካሬው ይበቃ ነበር።»

በቀጣዩ እሑድ በረዶው መንገዱን ዘጋና፣ አርፍዶ የማያውቀው ሊቀ ካሬ አረፈደ። ሮንዳ «እንጀምር» አለች። ደልበርት ጠንቋዩን አንስቶ በሰያፍ አስኬደው፤ እንደ ልማዱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ብሎ አሳረፈው። ከዚያ እጁን ሳያነሳ ጠበቀ። ባዶውን ወንበር አየ። ሮንዳም አየችው።

«እህ» አለ ደልበርት፣ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው። «ሁለተኛው ሰያፍ ሁለት ነው።» ጠንቋዩን ሁለት ካሬ ወደ ኋላ መለሰው።

ያኔ ከደረጃው ላይ የቦት ጫማ ድምፅ መጣ። ኦርቪል በረዶ በትከሻው፣ ገና ቀለም ያልነካት አዲስ ግራጫ የጀግና ምስል በእጁ፣ ከመጨረሻው ደረጃ ሳይወርድ፣ ሰላምታም ሳያቀርብ፣ ምንጣፉን አየ። «ያ ጠንቋይ እዚያ እንዴት ደረሰ?»

«ቆጥሬ!» አለ ደልበርት።

ኦርቪል መጥቶ ጉንጩን ከጠረጴዛው አስጠጋ፣ ቆጠረ፣ ቀና አለ። ሮንዳ ስህተት አግኝቶ እንደሆነ ፊቱን አየች፤ አላገኘም። እፎይ አለች፤ ወንበሩንም ሳበችለት።

ማርሊስ ግራጫዋን ምስል ከእጁ ወሰደች። ከቦርሳዋ የቨርንን ቀይ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አወጣች። «ጋሻውን ልቀባልህ?»

ኦርቪል ብሩሹን አየ፣ እጇን አየ፣ ጺሙ ቀይ የሆነውን ድንክ አየ።

«ከመስመር እንዳትወጪ» አለ።