ጋቢ የለበሰችው መኪና

ሰው ሞኝነቱን የሚያውቀው ብልጥ ነኝ ባለ ማግስት ነው። ዕለቱን አያውቀውም። ዕለቱን ማን ይነግረዋል? ጎረቤት እንደሆነ ፊት ለፊት "እንኳን ደስ ያለህ!" ይልና ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ነው የሚስቀው። እኔ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነኝ። የደብረ ታቦር ሰው በር መዝጋት ሳያስፈልገው መንገድ ላይ ቆሞ ነው የሳቀብኝ። ስለዚህ እናንተም ብትስቁ አዲስ ነገር አይሆንብኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን ነበር። መኪና ያለው ሰው የወር ድርሻውን ይቀዳና ባሕር ዳር ደርሶ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ወሩ እስኪያልቅ መኪናውን ግቢው ውስጥ አቁሞ ያጥባታል። ማጠብ ኩፖን አይጠይቅም። እኔ ግን የሚታጠብ መኪናም አልነበረኝ። የነበረኝ የፊዚክስ መምህርነቴና የሺ ነበሩ።

የሺ እኛው ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምር ነበር። እወዳት ነበር፤ ዙሪያ ጥምጥም የምሄድበት ብዙ ነገር ስላለ ይህን እንኳ በቀጥታ ልናገረው። እሷም አልጠላችኝም። አስቸጋሪው ነገር አባቷ ነበሩ። አቶ ካሴ ጉና ግርጌ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ የተናገሩትን የማያጥፉ ሰው ናቸው። "ደመወዝ ወር በወር ይመጣል፣ ወር ሳይሞላ ያልቃል። ይሄ መምህር ልጄን ምን ይዞ ሊያኖራት ነው?" ብለዋል አሉ። በዚያ ላይ የሐሙሲት አንድ እህል ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። እህል ውኃ አልቀምስ አልኩ። መሬት የለኝም፣ በሬ የለኝም፣ እህል የምሞላበት ጎተራ የለኝም። ታዲያ ሰው በሬ ሳይኖረው የሚኮራበት ነገር ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩና መኪና አልኩ።

ባሕር ዳር አንድ ነጋዴ አሮጌ የጣሊያን መኪና ነበረችው። ቤንዚን ትታ በቡታጋዝ እንድትሄድ አስቀይሯታል፤ በዚያው ወጥ በሚሠራበት ቡታጋዝ! ሲሊንደሩ ከኋላ ወንበር ጀርባ በጠፍር ታስሯል፤ ከሱ የወጣው ቱቦ እየተሳበ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። ቡታጋዝ ደግሞ ኩፖን የለውም። አያችሁ ብልጠቴን? "አስቸግራህ ታውቃለች ወይ?" ስል ጠየቅሁት። "በማርያም! አንድ ቀን እንኳን!" አለኝ። ሰውየው አልዋሸም። በባሕር ዳር ሙቀት አስቸግራው አታውቅም። ስለ ደብረ ታቦር ብርድ እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ። ያጠራቀምኳትን ሁሉ አፍስሼ፣ የቀረውን ከአጎቴ ተበድሬ ገዛኋት።

ልብ በሉ እንግዲህ፤ የፊዚክስ መምህሩ እኔ ነኝ። ፈሳሽ ወደ ጋዝ ለመለወጥ ሙቀት እንደሚሻ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ፣ ይህንኑ ያልመለሰ ተማሪ ስጥል የኖርኩ እኔ ነኝ። እውቀቴ ግን ከክፍል አብሮኝ ወጥቶ አያውቅም ኖሯል። ማለዳ ስነሳ ሲሊንደሩ አመዳይ ለብሶ አገኘዋለሁ። ሞተሩ ሁለቴ ያስነጥስና ጸጥ ይላል። እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አስጥቻት ወደ ሥራዬ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ረፋዱ ላይ እሷ ስትሞቅ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ያም ሆኖ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆረጠ። የድጓ መምህሩን የኔታ ላቀውን፣ ጎረቤቴን ጋሽ ዘለቀንና አጎቴን ለመንኩ። ሽማግሌ የሚሄደው በማለዳ ነው፤ የቤቱ ጌታ ወደ እርሻው ሳይወጣ። ልጁ ደግሞ አብሮ አይሄድም፤ ነውር ነው። ነገር ግን ከእኔ ሌላ የሚነዳ ሰው የለም፤ ያለ መኪናዋ ደግሞ ሽማግሌዎቼ ስለ እኔ የሚሉት ነገር የላቸውም። እናም ተመካከርን። ደጃፋቸው ድረስ አደርሳቸዋለሁ፤ ድምጿን ጥሩ አድርጌ አሰማና ቤተሰቡ ሳያየኝ ዞሬ ቁልቁል እወርዳለሁ። የጠዋቱን ብርድ ፈርቼ ሲሊንደሩ ላይ ሦስት ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውኃ አፈሰስኩበት። ተነሳች! የኔታ አማተቡና ገቡ።

የጉናን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከፍ ባልን ቁጥር ብርዱ አጥንት ይገባል። የእነ የሺ ቤት ጭስ በሚታይበት የመጨረሻው ዳገት ላይ መኪናዋ አስነጠሰች። ሁለቴ። ከዚያ ቆመች።

"ምን ሆነች?" አሉ የኔታ።

"በረዳት" አልኩ በኀፍረት።

"አንተ ሲበርድህ ምን ታደርጋለህ?"

"እለብሳለሁ።"

"እንግዲያ አልብሳት!" አሉና ጋቢያቸውን ገፈው ሲሊንደሩ ላይ ጠመጠሙት።

"የኔታ፣ ጋቢ ሙቀት አይፈጥርም እኮ፤ ያለውን ነው የሚይዘው። እሱ ደግሞ ምንም የለው..."

"ልጄ፣ ያንተ ትምህርት እስከዚህ አድርሶናል። ከዚህ ወዲያ ጋቢ ይሞክር።"

የኔታ ገፈው ሌላው እንዴት ይለብሳል? ጋሽ ዘለቀም አጎቴም ጋቢያቸውን ደረቡበት። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። አቶ ካሴ ለእርሻ ሊወጡ ሆነ። "ሙቀት ሲገባት ተከተለን" ብለውኝ ሦስቱም በኮታቸው ብቻ፣ ዱላቸውን ይዘው፣ እየተንቀጠቀጡ ዳገቱን ወጡ። ስለ እኔ ሲሉ ነው።

እላይ የሆነውን የነገረኝ አጎቴ ነው። አቶ ካሴ ሦስት ሽማግሌ ያለ ጋቢ ደጃቸው ሲቆም ቢያዩ ክው አሉ።

"ምን ጉድ ነው የኔታ! ሽፍታ ገፈፋችሁ?"

"የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።"

"ኧረ ግቡ፣ እሳት ሙቁ፣ ቁጭ በሉ!"

"የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ የኔታ፤ ወጉ ነውና። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ "ልጅዎን ለልጃችን" አሉ። "ደግ ልጅ ነው። የተማረ ነው። መኪናም አለው።"

"የታለች መኪናው?"

"ከታች ናት።"

"ጋቢያችሁስ?"

የኔታ በዕድሜያቸው ዋሽተው አያውቁም። "እሷ ለብሳዋለች" አሉ።

አቶ ካሴ ዱላቸውን አነሱና ቁልቁል ወረዱ።

እኔ ከሩቅ አየኋቸው። ልጁ በዚያ ቀን አይታይም፤ የት ልግባ? ኋላ ወንበር ላይ ዘልዬ ከሲሊንደሩ አጠገብ ጋቢው ሥር ተሸጎጥኩ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። አንዱ ጋቢ ተነሳ፤ ሲሊንደሩ ታየ። ሁለተኛው ተነሳ፤ እኔ ታየሁ።

"ይሄኛውስ በርዶት ነው?" አሉ አቶ ካሴ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን ዕንባዬ ነው የመጣው። የሺ ከእጄ ስትወጣ በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ። ወጥቼ መሬት ስሜ ቆምኩ።

"ብረቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"ጋዝ ነው ጌታዬ። እሳት ነው።"

"እሳት ከሆነ ለምን ይበርደዋል?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አያውቁም። አቶ ካሴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እምቢታቸው ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር። ለካ ሽማግሌዎቹ ብቻ አይደሉም፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘርፌም ተከትለው ወርደዋል። ዛፍ በሌለበት በዚያ አገር ዘመናቸውን ሁሉ በኩበት ጭስ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ፍም መስሏል። ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ሲሊንደሩ ተጠጉ።

"እሳት ነው ነው ያልከው?"

"አዎ እናቴ። ከተማ ወጥ ይሠሩበታል።"

"ጭሱስ?"

"ጭስ የለውም።"

እትዬ ዘርፌ ሲሊንደሩን እንደ አራስ ልጅ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ባላቸውን ቀና ብለው አዩና "ልጅቱን ስጠው። ይሄን ጥሎ ይሂድ" አሉ።

"አንቺ ሴት፣ ዘመድ ሳይመክር?"

"ዘመድ ኩበቱን ይለቅምልኛል?"

ሽማግሌ ወጉ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ ነበር። የእኔዎቹ በመጀመሪያው ቀን ጨርሰው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጠላ ጠጥተው ተመለሱ። ጥሎሼ ሲሊንደሩ ሆነ፤ ቤት ውስጥ ብርድ አያገኘውም፤ ምድጃውን ለሠርጉ ላመጣ ተስማማን። ስንመለስ መኪናዋን ገፋ አድርገን ቁልቁለቱን ለቀቅናት፤ ያለ ጋዝ፣ ያለ ድምፅ ደብረ ታቦር አፋፍ ድረስ ተንሸራተተች። "እንዲህ ስትሆን ምነው ባማረባት!" አሉ የኔታ።

ሌላ ሲሊንደር ፈለግሁ፤ አልተገኘም። መኪናዋ ጓሮ ቆመች፣ ዶሮዎች ገቡባት። የእትዬ ዘርፌ ጋዝ ባለቀ ቁጥር ባዶውን በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኜ ባሕር ዳር አስሞላለሁ፤ መልሼ አመጣና የመጨረሻዋን ዳገት በትከሻዬ እወጣታለሁ። መንገደኛ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ አቶ ካሴ በኩራት "አማቼ ነው፤ ባለ መኪና ነው" ይላሉ። የሺ ትስቃለች። እትዬ ዘርፌ ደግሞ፣ ጭሱ ከቀረ ወዲህ ዓይናቸው በጣም ተሽሏቸዋል። ሲሊንደሩን ተሸክሜ ዳገቱን ስጀምር ገና ከታች ለይተው ያዩኝና ይጣራሉ፤ "ኧረ ፈጠን በል፣ ወጡ ሳይበስል ሊቀር ነው!"